ዳለቻ የምትበላው ዘይት

ሐምሌ 7 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ይሁኔ ስላዘዘኝ ነው። ይሁኔ ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር መኪና የሚጠግን ሰው ነው። ከወለጋ ነው የመጣ። እዚያ ትራክተርና ወፍጮ ይሠራ ነበር አሉ። «አባባ፣ መኪናዎ ዘይት ትበላለች። ስንት እንደምትበላ፣ መቼና የት እንደምትበላ ሳላውቅ ሞተር አላወርድም። የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊርማ በቀር እጄ ብዕር አልነካም። አልችልም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። «እጽፋለሁ፣ ምን ችግር አለው» አልኩ።

እንግዲህ ይኸው። ስሜ ባየው። ዕድሜዬ ሰባ አንድ። ቤቴ አንኮበር። መኪናዬ ዳለቻ ትባላለች፤ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ፣ መልኳ አመድማ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራች። በሚያዝያ ከደነባው ሰው ከአበባው ገዛኋት። ዛሬ ጠዋት አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘይት ጨመርኩ። ጭስ አለ። ሰማያዊ ነው።

በሰለችን አድርሼ መለስኩ።

እጄ ደከመ። ይበቃል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ትናንት በሰለች ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ይሁኔ ሲያነብ ማን ናት ይል ይሆናል። ጎረቤቴ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። የሟች ባለቤቴ የይርጋለም የልብ ወዳጅ ነበረች። ይርጋለም ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። በሰለች ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። ሰኞና ሐሙስ ደብረ ብርሃን ሄዳ ደሟ ካልታጠበ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እስከ ሚያዝያ ድረስ በዚያ ብርድ ጎሕ ሲቀድ ቆማ ሚኒባስ ትጠብቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል።

ዳለቻን የገዛሁት ለሷ ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው። ከብት መጠበቅ ጉልበት ስላነሰኝ ከብቶቹን ሸጬ መኪና ገዛሁ። ሰው ይህን ያጣምማል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ጠዋት ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። ሽቅቡ ላይ ጭስ።

ዛሬ ነርሷ «አባት፣ ዝናብ ነው፣ ገብተው ይጠብቋት» አለችኝ። እስካሁን ውጭ መኪናዬ ውስጥ ነበር የምቆይ። ገባሁ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ከግራ ክንዷ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ውስጡ ቀይ ነው፤ ደሟ ነው። ማሽኑ እያዞረ ይስበዋል፣ አንድ ማጣሪያ ውስጥ ያስገባዋል፣ ታጥቦ በሌላ ቱቦ ይመለስላታል። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር እኔ ከወንበሬ እነሳለሁ፤ እሷ ታንቀላፋለች። የሰው ደም ከሰው ወጥቶ፣ በዓለም ዞሮ፣ ነጽቶ ተመልሶ ሲገባ ያሳየኸኝ ጌታ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው? ባርኔጣዬን አውልቄ እጄ ላይ ያዝኩ።

ስትነቃ «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» አለችኝ።

«ማሽኑን ነው የማየው።»

«ማሽኑ በዚያ በኩል ነው» አለችኝ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ይሁኔ የሆነውን ሁሉ ጻፍ ስላለኝ ይህንንም ልጻፍ። ማታ ማታ ዳለቻን ደጄ ላይ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል አድርጌ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቼ ነው የማቆማት። የእኛ ብርድ ባትሪ ይገድላል። እንዲህ ከቆመች ግን ድንጋዩን ሳወጣላት ራሷ ተንደርድራ ትነሳለች። አንኮበር መኪና ያለው ሁሉ የሚያቆመው እንዲሁ ነው። ንጋት ላይ ሳትነሳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አወጣለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ መልሼ ከትቼ አያለሁ። ዘይቱ ሁልጊዜ ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ላይኛው ምልክት እስኪደርስ እሞላለሁ። በቅሎ ሳለችኝ ገብስ የምሰጣት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳለቻንም ከእኔ በቀር ማንም አያበላትም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሦስት ሩብ ሊትር። ነዳጅ ማደያው ልጅ ሳልጠይቀው ክዳኑን ከፍቶ ዘንጓን አወጣ። «አባት፣ ዘይቱ በጣም በዝቷል» አለኝ። ጠዋት ሞልቼ መምጣቴን አያውቅ። ዘንጓን ከእጁ ነጠቅሁ። «ዓይንህን ታከም» አልኩት። በሰለች ከኋላ «አረ ተው አንተ ሰው፣ የሰው ልጅ ነው» አለች።

ይሁኔም ክዳኑን ልክፈት ብሎ ነበር። አልፈቀድኩም። እኔ የምጽፈውን ያንብብ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

አንድ ሊትር ሙሉ። ጎረቤላ ላይ ሁለት ሴቶችን ጫንኩ። ሲወርዱ አንደኛዋ «የዚህ ሽማግሌ መኪና ከጓዳዬ ጭስ ትብሳለች» ስትል ሰማሁ። ዘወር ብዬ አላየኋትም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

አንድ ሊትር። ጭስ። ጉም። ጭሱና ጉሙ ተቀላቀለብኝ፣ የቱ የማን እንደሆነ አላወቅሁም። አበባው አታለለኝ። ሞተሩ የተበላ መሆኑን እያወቀ ሸጠልኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

አሳምሬ ልጽፍ ነበር፤ አልችልም። እንደሆነው ልጻፍ።

ትናንት ጠዋት አንድ ሊትር ከሩብ ሞላሁ። ከጎረቤላ ወዲያ ሽቅቡ ላይ ዳለቻ አፈናት፣ ሳለች፣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ቀጥ አለች። ጉሙ ከገደሉ ሥር እንደ ወተት ይገነፍላል። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ስባዝን በሰለች ነጠላዋን ተከናንባ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። አርፎ አርፎ ሞተሩ ተነሳ፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ተራዋ አልፏል። ነርሷ «ነገ ክፍት ቦታ ካለ» አለች። ዛሬ ነው የታጠበች። ሌሊቱን በእህቷ ልጅ ቤት ቁጭ ብላ ነው ያደረች፤ ስትተኛ ትንፋሽ እያጠራት። ዓይኗ አብጦ ንብ የነደፈው መስሎ ነበር።

«ይቅርታ» ማለት ነበረብኝ። «አበባው የጉድ ሰው ነው» አልኳት።

እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ልጇ ይትባረክ ከአዲስ አበባ ደወለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጮኸም። «ጋሽ ባየው፣ ለእናቴ ያደረጉትን አልረሳም። ግን አንዴ እንኳ ተራዋ ካለፈ ልትሞት እንደምትችል ያውቃሉ?» አለኝ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። «እስከ ዘመን መለወጫ እመጣለሁ። መኪናዋ የምትታመን ካልሆነች እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። እዚያ ከቤቴ አጠገብ ሕክምናው አለ» አለኝ።

አዲስ አበባ! እዚያ ልጁ በሚኖርበት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ታያለች? ከዚህ እኮ ጠዋት በሯን ስትከፍት አፋር ድረስ ነው የምታይ።

ልክ ነው ልጁ። ግን ቂም ያዝኩበት።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። አቶ ተስፋሚካኤል ነበሩ፣ ሌሎቹም። አበባው የበሰበሰ ሞተር እንደሸጠልኝ ተናገርኩ። ሌባ አልኩት። አዎ፣ አልኩት። «ይጠራልኝ፣ ወይ ሞተሩን ይቀይር፣ ወይ አላውቅም ብሎ ኪዳነምሕረት ደጅ ይማል» አልኩ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። ሲያዝኑልኝ ደስ አለኝ። ይህን ምን ብዬ እንደጻፍኩት አላውቅም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

አበባው ከደነባ ተነሥቶ መጣ። አጭር፣ ደረቅ፣ ጋቢ የለበሰ። «ጋሽ ባየው፣ ዳለቻ በእኔ እጅ ስድስት ዓመት ስትኖር በሁለት ዘይት መለወጫ መሐል ጠብታ ጨምሬላት አላውቅም» አለ። «ትዋሻለህ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «እምላለሁ» አለ። ጳጉሜን 2 ቀን እንዲምል ተቀጠረ። ከእኛ ወገን በመሐላ የሚጫወት የለም። ሰውየው ጋቢውን ሲያጣፋ እጁን አየሁ። የሌባ እጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

አንድ ሊትር። ደረስን፣ በሰዓቱ።

ስንመለስ ጉሙ አንዴ ብትን አለ። ከገደሉ አፋፍ መቶ የሚሆኑ ጭላዳዎች ተቀምጠው ጸሐይ ይሞቃሉ። በሰለች «አቁም» አለችኝ። አቆምኩ። ከሥራችን አሊዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሰማያዊ ነገር። ወጣት ሳለሁ በበቅሎ ጨውና በርበሬ ጭኜ ይህን ቁልቁለት ስንት ሺህ ጊዜ ወርጃለሁ። እንዲህ አይቼው አላውቅም። ያኔ የማየው የበቅሎዋን ጆሮ ነበር።

«ፎቅ ላይ ሆኜ ይሄ ይናፍቀኛል» አለች።

ሄዳለች ማለት ነው በልቧ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ። ኪዳነምሕረት

ደብረ ብርሃን ነኝ። ትናንት በሰለች ከታጠበች በኋላ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ለምን፣ እስከ መቼ፣ የሚነግር የለም። እሷ እህቷ ልጅ ቤት ገባች። እኔ ዳለቻን ይሁኔ ቆርቆሮ ፊት፣ ሜዳው ላይ አቁሜ ጋቢናዋ ውስጥ አደርኩ። ከአንኮበር ንግሥ በሕይወቴ ቀርቼ አላውቅም፤ ዛሬ ቀረሁ።

አሁን የምጽፈውን ማንም አያምነኝም። ጠዋት እንደ ልማዴ ዘንጓን አወጣሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ አልፎ፣ አውራ ጣት ያህል ወጥቷል። ጠረግሁ፣ መልሼ ከተትሁ። እንዲያው ነው። ትናንት ሽቅቡን ሁሉ እየጨሰች መጥታ፣ ጠብታ ሳልጨምር፣ ዘይቱ ጨመረ!

 ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ይሁኔ «ምን ሆኑ አባባ?» ቢለኝ «ምንም፣ ቁልፍ ወድቆብኝ ነው» አልኩት። እመቤቴን ግን ተሳልኩ። ዳለቻ ደግማ ዘይት ካልበላች፣ በሰለችም ካልሄደች፣ ለአንኮበር ኪዳነምሕረት ጃንጥላ አስገባለሁ።

በሰለችንም ስለቱ ውስጥ ጽፌአታለሁ። ብዕር ስለሆነ አይጠፋም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

መንገዱ ዛሬም ዝግ። የመጠለያው ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ሩቅ ነው። ይሁኔ «ዳለቻ ቆማ ከምትውል» አለኝ፤ ሦስቱን ቀን በርሜል ጭኜ ስመላለስ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ትንሽ ጨሰች፣ ከዚያ ጭሱ እየሳሳ ሄደ፣ ዛሬ ጨርሶ ጠፋ። ዘይቷ ከምልክቱ ጋር ልክ ሆኖ ቆሟል። ጠብታ አልጨመርኩም።

አንዲት ከወለጋ፣ ከኪረሙ የመጣች ሴት በርሜሏን እያወረድኩላት «አባቴ፣ እርሻ ነበረን፣ ከደጃችን ወንዝ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔ አንዲት ሴት ቤቷን ለቅቃ አዲስ አበባ እንዳትሄድ ነው የምሳል። አፈርኩ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

በሰለች ታጠበች። መንገድ ተከፈተ። ገባን። ዳለቻ እንደ ሙሽራ በቅሎ ነበር የሄደች። መንገዱን ሁሉ አላወራሁም፤ ስለ ተአምር ካወራሁ የሚቀለበስ መሰለኝ። ቤት ስደርስ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቁልቁል አቆምኳት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዘንጓ ደረቅ ናት። ከታችኛው ምልክት በታች፣ ዘይቱ ጫፏን ብቻ ነክቷታል።

ምን በደልኩ?

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

አንድ ሊትር ተኩል ጨመርኩ። ጭሱ ተመለሰ። ጃንጥላውን እስከ ዛሬ ባለማስገባቴ ነው። ወይም ጉልበቴ ላይ ሆኜ ለይሁኔ ስለዋሸሁት ነው። ወይም በሰለችን ከጃንጥላው ጋር ስለቀላቀልኩ ነው።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን አንድም ሳልዘል እጽፋለሁ። ጠዋት አንድ ሊትር ጨመርኩ።

በሰለች ማሽኑ ላይ ሳለች ደብተሩን ለይሁኔ ሰጠሁት። ሳጥን ላይ ተቀምጦ አነበበ። ጽሑፌ እያስቸገረው አንዳንዱን ድምፅ እያሰማ ነው ያነበበው። «ማሽኑ በዚያ በኩል ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ያንን ገጽ መቅደድ እንደነበረብኝ ያኔ ገባኝ። ነሐሴ 16 ላይ ሲደርስ ግን ሳቁን ተወ። ወደ ኋላ ገለጠ። ወደ ፊት ገለጠ። ሐምሌ 11ን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«አባባ፣ ቤትዎ ያለው ደጅ ምን ያህል ቁልቁል ነው?»

«አንኮበር ነው እኮ። ምኑ ሜዳ ነው?»

ተነሥቶ ከመጠለያው የሾርባ ሳሕን አመጣ። ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው። የተቃጠለ ዘይት እስከ ግማሹ ሞላበትና መሬት ላይ አስቀመጠው። «ይህ የዳለቻ ዘይት መያዣ ነው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው። የመለኪያ ዘንጓ የምትገባው በዚህ በኋላ በኩል ነው» ብሎ ዘንግ የሚያህል ስንጥር አቆመበት። ስንጥሯን እስከ ግማሽዋ ዘይት ነካት። ከዚያ ሳሕኑን ወደ ፊት አዘነበለው። ቀስ ብሎ። እንደ ደጄ። ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት ሮጠ። ስንጥሯ ደረቅ ሆነች።

ሳሕኑን አየሁ። እሱን አየሁ። መልሼ ሳሕኑን አየሁ።

«ዘይቱ አለ» አለኝ። «ሁልጊዜም ነበር። እርስዎ ግን ጎደለ ብለው ይሞላሉ። ሲበዛ ከታች የሚሽከረከረው ብረት ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው በመተንፈሻው ቱቦ ተስቦ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል። ሰማያዊው ጭስ እሱ ነው። የተረፈው እየነደደ ሲቀንስ እንደገና ይሞሉበታል። ዳለቻ አልበላችም አባባ። እርስዎ ነዎት ያጎረሷት፣ እሷ ስትተፋ ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ሲቆዩ የተረፋትን ተፍታ ልኳ ላይ ቆመች። ይኸው በእጅዎ ጽፈውታል።»

ከሥር ያለውን ቡሎን ፈታ። ትርፉ ወረደ። ወደ ሁለት ሊትር። ቆሜ አየሁት፤ ጥቁር፣ የሚያበራ፣ ድምፅ የሌለው።

«ሞተሩስ?» አልኩት። 

«ሞተሯ ከእርስዎም ከእኔም ጤነኛ ነው።»

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በግቢዬ ስዞር ዋልኩ። ዳለቻን ድንጋይ እያስደገፍኩ፣ እያነሣሁ፣ አንዲት ልክ የሆነች ቦታ ፈለግሁላት። የለም። መቀመጫዬ ያዘነበለ ነው፤ አልጋዬ በአንድ እግሩ ሥር ጣውላ አለበት፤ ይርጋለም ያስገባችው ነው፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ማድጋው ውኃ ሲይዝ በአንድ በኩል ይፈሳል። ሰባ አንድ ዓመት ዘንበል ብሎ በቆመ ምድር ላይ ኖሬ፣ ቀጥ ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

ይህን ነገር ሳስበው ያስቀኛል፣ ከዚያ ያስፈራኛል። ዓለም እንዲህ በግልጽ ተዘርግታ ሳለች ዓይን ምን ያህል አያይም! ውኃ ያውቃል፣ ዘይት ያውቃል፣ እኔ አላወቅሁም።

ጃንጥላውን አስገባለሁ። እመቤቴ ዘይት አልጨመረችም፤ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ያቆመችኝ ማን ናት?

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ዘይት አልጨመርኩም። ጭስ የለም። በሰለች «ዛሬ ምን ሆና ነው ዝም ያለች?» አለችኝ። «ይሁኔ ነካክቷት ነው» አልኩ። አልዋሸሁም። እውነትም አልተናገርኩም።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ነገ አበባው ይምላል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይምላል፣ እውነቱን ይምላል፣ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። እኔም «ይሁን፣ ከማለ ምን ይደረግ» ብዬ እቀመጣለሁ። ሰው «ምስኪን ባየው፣ ተታሎ ቻለው» ይላል። ለይትባረክ ደግሞ «ሞተሩ ተሠርቷል» ማለት ብቻ ይበቃል። ከሰዓት በፊት እንዲህ ነበር ያሰብኩት። መልካም መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አበባው መድረሱን ሰማሁ። ከደነባ ድረስ መጥቶ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጧል አሉ። ለመሐላው ብሎ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም አሉ።

በእውነት ለመማል የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሰው ከወትሮው በዛ። ይትባረክ ከአዲስ አበባ በራሱ መኪና መጥቶ ከኋላ ቆሟል። በሰለች ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ነበረች። አቶ ተስፋሚካኤል «አበባው፣ ና ቅረብ» አሉ። አበባው ጫማውን አወለቀ።

«አይምልም» አልኩ።

«ምሬዋለሁ ማለትህ ነው?» አሉኝ።

«የምምረው ነገር የለኝም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ደጁን፣ ቁልቁለቱን፣ ዘንጓን፣ ሳሕኑን። በእጄ ዘንበል አድርጌ አሳየሁ። መጨረሻ ላይ «ሰውየውን በከንቱ ሌባ አልኩት» አልኩ። 

 ከዚያ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ጋሽ ባየው፣ ቁልቁለቱን ክሰሰዋ!» አለ፣ ሳቅ እንደ ዝናብ ወረደ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እኔ ቆምኩ። ሲስቁብኝ እንደምሞት ነበር የማስበው። አልሞትኩም። ይህም ገረመኝ።

ያልሳቀ አበባው ብቻ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ «ጋሽ ባየው፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ግን ወሬው ደነባ ደርሷል። ልጆቼ የሌባ ልጅ ተብለዋል። በገበያ ቀን ደነባ መጥተው፣ ሰው ባለበት ቆመው፣ አሁን እዚህ እንዳሉት ይንገሩልኝ። ሌላ ካሣ አልፈልግም።»

«እመጣለሁ» አልኩ። ከበደኝ፤ ከዚያ የቀለለ ቅጣት ግን አይገባኝም ነበር።

ሰው ሲበተን ይትባረክ እናቱ ዘንድ ሄደ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ፣ መስማት ያልፈለግሁ መስዬ።

«እማዬ፣ ዕቃሽ ተዘጋጅቷል?»

«የምን ዕቃ?»

«አልተነጋገርንም እንዴ? መኪናዋ...»

«መኪናዋ ደህና ናት ሲል አልሰማህም?»

«እማዬ፣ በዚህ ሰውዬ ወሬ ነፍስሽን...»

«ይትባረክ፣ ስማኝ» አለችው። «ያን ቀን ጉም ውስጥ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ የፈራሁት መኪናዋን አልነበረም፤ እሱን ነው። የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው ነው የሚነዳኝ ብዬ ነው የፈራሁ። ዛሬ ይህ ሁሉ ሕዝብ ፊት አላወቅሁም ሲል ሰማሁት። ከእንግዲህ አልፈራም። ብርድ ሲጠናብኝ አንተ ዘንድ መጥቼ እሰነብታለሁ። እስከዚያ ቤቴ ነኝ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ።  «ጋሽ ባየው፣ ተራዋ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» አለኝ። «አውቃለሁ» ልል ነበር። «ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ። ሩፋኤል

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሰማዩ ክፍት ነበር፤ ጸሐይም ዝናብም አንድ ላይ። በየመንገዱ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው የሩፋኤልን ዝናብ ይታጠባሉ፣ እየጮኹ። በሰለች መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ቀኝ እጇን አወጣች፣ መዳፏ ውስጥ የተጠራቀመውን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሽቅቡን ጨርሰን ከደብረ ብርሃን በፊት ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ገና ሁለት ሰዓት ነበር። የበጎች ግጦሽ ነው፣ አረንጓዴ፣ ዳርቻ የሌለው።

«አቁም» አለችኝ።

«አመመሽ?»

«ልንዳት።»

«ምን?»

«አንድ ጊዜ። ሜዳ ነው። ሰው የለም። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ መሪ ይዤ አላውቅም።»

አይሆንም የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዳለቻን ማንም አይነካትም። ግን በሬን ከፍቼ ወረድኩ፣ እሷ ወደ መሪው ስትሻገር ዞሬ በሷ በኩል ገባሁ። ግራ ክንዷ እንዳይጫን በቀኝ እጇ ብቻ መሪውን ያዘች። ማርሹን እኔ አስገባሁ። «እግርሽን ቀስ አድርጊ፣ በጣም ቀስ» አልኳት። ቀስ አደረገች።

ዳለቻ ነቅነቅ አለች። ከዚያ ሄደች። ከኋላ ጭስ የለም፤ የዝናቡ ውኃ ሣሩ ላይ የሚያበራው ብቻ። በጎች ለቀቁልን። በሰለች አፏን ከፍታ ነበር፣ እንደ ልጅ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። እኔ ዳለቻ ውስጥ ከሾፌር ጎን ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ በኩል ሲታይ ሰማዩ ይሰፋል። ሰው ሲነዳ ሳይሆን ሲወስዱት እንዲህ ነው ለካ ምድር የምትመጣ።

«ወዴት ልዙር?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሣ።

«ወደ ፈለግሽው» አልኳት።